ስሟ የለም፣ እሷ ግን አለች፦ የሆስፒታል መዝገብ ለሚጠቀሙ ተመራማሪዎች በባሕር ዳር የተሰጠ ስልጠና የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በባሕር ዳር ከተማ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል በየዓመቱ፣ በተለይ ከጥር እስከ ሰኔ፣ ብዙ ተመራማሪ ይመጣበታል። አብዛኞቹ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ከትምህርት ክፍላቸው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የፈቃድ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ይመራላቸውና ወደ ካርድ ክፍል ወይም ወደ ዋርድ ይሄዳሉ። የሚፈልጉት አዲስ መጠይቅ ማስሞላት አይደለም፤ ቀድሞ የተጻፈውን ነው፦ የወሊድ መዝገብ፣ የእርግዝና ክትትል መዝገብ፣ የቲቢ መዝገብ፣ የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) መዝገብ።

መዝገቡ ግን ለጥናት ተብሎ አልተጻፈም። አንዲት እናት ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ቀበሌዋንና ስልኳን ለአዋላጅ ነርሷ የነገረችው ምጥ ይዟት መጥታ ነው። ስንተኛ እርግዝናዋ እንደሆነ፣ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቷ፣ ልጁ በሕይወት መወለድ አለመወለዱ ሁሉ በዚያው መስመር ላይ ይሰፍራል። ከዓመታት በኋላ እያንዳንዷን እናት ፈልጎ ፈቃድ መጠየቅ ስለማይቻል፣ ኮሚቴዎች በመዝገብ ላይ ለሚሠራ ጥናት የግል ስምምነቱ እንዲቀር ይፈቅዳሉ። ቅድመ ሁኔታው ጉዳቱ አነስተኛ እንዲሆንና ምስጢሩ እንዲጠበቅ ነው። እናቲቱ ያልተጠየቀችው ተመራማሪው አደራውን ይወጣል ተብሎ ስለታመነ ነው።

ጉዳዩ የተከሰተው በ2017 ዓ.ም. ነው። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ክፍሉ፣ ደሴቷም ሆነች ሰዎቹ እዚህ በስም አይጠሩም። እናቲቱን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮች ተለውጠዋል፤ ለትምህርቱ የሚያስፈልጉት ብቻ እንደነበሩ ተትተዋል።

የሆነው ነገር

አንድ ተመራማሪ የሁለት ዓመት የወሊድ መዝገብ ወደ ኤክሴል ገልብጦ ነበር፤ ከ400 በላይ መስመር፣ 34 ዓምድ። ትንተናው ሲያስቸግረው ፋይሉን ተማሪዎች በስታቲስቲክስ በሚረዳዱበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀውና «ሪግሬሽኑ እምቢ አለኝ፣ የምትችሉ እዩልኝ» ብሎ ጻፈ። የስም ዓምዱን አስቀድሞ ሰርዞት ስለነበር ፋይሉ ማንንም አያሳውቅም ብሎ በቅን ልቦና አምኗል።

ፋይሉ ውስጥ ግን አራት ነገሮች ቀርተው ነበር። አንደኛ፣ መስመሮቹን ከመዝገቡ ጋር ለማመሳከር እንዲመቸው የእናቲቱንና የአባቷን ስም የመጀመሪያ ፊደሎች በሌላ ዓምድ ጽፏል። ሁለተኛ፣ የስልክ ዓምዱ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም፤ ኤክሴል ላይ የተደበቀ ዓምድ በቀኝ ጠቅታ ወዲያው ይመለሳል። ሦስተኛ፣ ስሙን ከመሰረዙ በፊት በሌላ ሺት ላይ ፒቮት ቴብል (መስመሮችን በምድብ ደምሮ የሚያሳይ ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) ሠርቶ ነበር። ፒቮት ቴብል የምንጩን ቅጂ በውስጡ ይይዛል፤ አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉት ከጀርባው ያሉት መስመሮች ከነስማቸው በአዲስ ሺት ላይ ይዘረገፋሉ። አራተኛውና ዋነኛው የተደበቀም የተረሳም አልነበረም፤ በግልጽ የተቀመጡት ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ የወሊድ ቀንና የወሊድ ዓይነት ናቸው።

ከግሩፑ አባላት አንዷ ከዚያ በፊት ከጣና ደሴቶች በአንዷ ያገለገለች ነርስ ናት። ልትረዳው ብላ ፋይሉን በስልኳ ከፈተች። የደሴቷን ቀበሌ ስታይ ዓይኗ እዚያው ቀረ፦ ዕድሜ 38፣ አምስተኛ እርግዝና፣ መንታ፣ ጥር 22። በዚያ ሰሞን፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ መንታ ልትወልድ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር የተሻገረች እናት ከዚያች ደሴት አንዲት ብቻ ናት። በዚያው መስመር የኤችአይቪ ዓምዱ ላይ የመደመር ምልክት፣ ማለትም ፖዘቲቭ፣ አለ። ነርሷ ስልኩንም፣ ፊደሉንም፣ ፒቮቱንም አላየችም፤ አላስፈለጋትም። ግሩፑ ላይ ምንም ሳትጽፍ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ አያያዝ) ክፍል ደወለች። ጉዳዩ ከዚህ የከፋ ያልሆነው በእሷ አስተዋይነት ነው።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

ተመራማሪው ፋይሉን ከግሩፑ ለሁሉም አጠፋ። ይህ ብቻ አይበቃም ነበር፤ ቴሌግራም በብዙ ስልክ ላይ ፋይል ራሱ ያወርዳል፣ አንዴ የወረደው ደግሞ ላኪው ቢያጠፋውም በስልኩ ማህደር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ፋይሉን እንዳዩ የታወቁ አባላት አንድ በአንድ ተደወለላቸው፤ ከስልክ፣ ከኮምፒውተርና ካስተላለፉለት ሰው ዘንድ እንዲያጠፉና በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ። በግሩፑ ላይ የጅምላ ማስጠንቀቂያ ላለመለጠፍ የተወሰነው «ፋይሉ ውስጥ ምስጢር አለ» ማለት ያላዩትን ሰዎች ወደ ፋይሉ መጥራት ስለሚሆን ነው።

ለሥነ ምግባር ኮሚቴው በዚያው ቀን በጽሑፍ ተገለጸ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል፤ ስለዚህ ነገሩ በሆስፒታሉ ውስጥ ብቻ ታፍኖ የሚያልቅ የዲሲፕሊን ጉዳይ ተደርጎ መታየት አልነበረበትም።

የከበደው ውሳኔ ለእናቲቱ ይነገራት ወይስ አይነገራት የሚለው ነበር። አንዳንዶቹ «ያላወቀችውን ነገር ነግረን ለምን እናስጨንቃታለን» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ የእሷን ምስጢር የሚመለከት ነገር ከእሷ በስተቀር ሰው ሁሉ ሊያውቀው አይገባም ብለው ተከራከሩ። ትክክለኛው ሁለተኛው ነው፤ የተወሰነውም እሱ ነው። አነጋገሩ ግን ጥንቃቄ ፈልጓል። ስልክ አልተደወለላትም፤ ስልኩን ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል። የሆስፒታል ሰውም ወደ ቤቷ አልተላከም፤ በትንሽ ደሴት ላይ የእንግዳ መምጣት ራሱ ወሬ ነው። በቀጠሮዋ ቀን ስትመጣ ሁልጊዜ የምታማክራት ባለሙያ ለብቻዋ ነገረቻት፤ መድኃኒቷን ከሌላ ቦታ መውሰድ ብትፈልግም ዝውውሩ በዚያው ቀን እንደሚያልቅላት ገለጸችላት።

በሳምንቱ ሆስፒታሉ በመዝገብ ላይ ይሠሩ የነበሩትን 11 ተመራማሪዎች በሙሉ አስቆመ። ሥራው እንደገና የሚጀመረው ስልጠና ለወሰደና ፋይሉን ላስፈተሸ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

ችግሩ የት ነበር?

ስልጠናውን ያዘጋጁት የኤችኤምአይኤስ ባለሙያ፣ አንድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባልና አንዲት አንጋፋ አዋላጅ ነርስ ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት 11ዱን ተመራማሪዎች ለየብቻ ማነጋገር ነው። ከማንም ላይ ቅጣት እንደማይመጣ አስቀድመው ስለነገሯቸው መልሱ እውነተኛ ሆነ።

ሁሉም «ምስጢር እጠብቃለሁ» የሚል ቅጽ ፈርመዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመዝገብ ገጾችን በስልካቸው ፎቶ አንስተዋል። ይህ በመጀመሪያ እይታ ቸልተኝነት ይመስላል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፦ የወሊድ መዝገቡ ዋርዱ ውስጥ በሥራ ላይ ያለ መዝገብ ስለሆነ ተመራማሪ ሊያገኘው የሚችለው ነርሶቹ ፋታ ሲያገኙ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ፎቶ አንስቶ ማታ ቤት ሆኖ መገልበጥ ለእነሱ ብቸኛው መንገድ ነበር። ፎቶው ደግሞ በስልኩ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የጉግል ፎቶ ምትኬ ክፍት ከሆነ ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ወደ ኢንተርኔት ይሰቀላል፣ በዚያው አካውንት በተከፈተ የቤተሰብ ታብሌት ላይም ይታያል።

ሌላው ክፍተት ከተመራማሪው ውጭ ያሉት ሰዎች ናቸው። ፋይል ወደ ጥናቱ አማካሪ መምህር በኢሜይል ይሄዳል፤ ወደ ዳታ ኢንኮደር በፍላሽ ይሄዳል፤ ለትንተና ተከፍሎት ወደሚሠራ ሰው በቴሌግራም ይሄዳል። የምስጢር ቅጹን ከተመራማሪው በቀር ከእነዚህ ውስጥ የፈረመ የለም።

ስልጠናው

ስልጠናው ሦስት ቀን ፈጀ። ሰልጣኞቹ 11ዱ ተመራማሪዎችና ሦስት የካርድ ክፍልና የመረጃ ሠራተኞች ነበሩ። ለልምምድ የቀረበው መዝገብ ሙሉ በሙሉ በፈጠራ የተሞላ 200 መስመር ነው፤ የእውነተኛ ሰው መረጃ ስልጠና ክፍል ውስጥ አልገባም።

የመጀመሪያው ቀን ስለ አዋጁና ስለ ሥነ ምግባር መርሆዎች ከተሰጠው ገለጻ በቀር ስለ ደህንነት ብዙ አልተነሳም፤ ዋናው ሥራ መዝገቡን ማወቅ ነበር። አዋላጅ ነርሷ ባዶ የመዝገብ ገጽ ዘርግታ እያንዳንዱ ዓምድ መቼ፣ በማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚሞላ አሳየች። አንድ ሰልጣኝ በኤችአይቪ ዓምድ ላይ ያለውን ሰረዝ ሁሉ «ነጋቲቭ» ብሎ ሞልቶ ነበር። «ልጄ፣ ይህ ሰረዝ እንደ ጻፈው ሰው ነው» አለችው፤ «አንዷ ነጋቲቭ ስትል ትሰርዛለች፣ ሌላዋ አልተመረመረችም ስትል ትሰርዛለች። ሰዓቱንም አትመነው፤ 8 ሰዓት ያለው የቀን ይሁን የሌሊት፣ በእኛ ይሁን በፈረንጅ፣ በተረኛዋ እጅ ጽሑፍ ካልለየኸው በቀር አታውቀውም።» በዚህ ቀን ሰልጣኞቹ ስለ ጥናታቸው ጥራት ያወቁት ነገር ለቀጣዩ ቀን በር ከፈተ፤ መዝገቡን የሚጽፉትን ሰዎች ያወቀ ተመራማሪ የተጻፈላቸውንም ሰዎች ማሰብ ይጀምራል።

የቀን አቆጣጠሩም ሰዓት ወስዷል፣ ሊወስድም ይገባዋል። መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ኤክሴል ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ቀን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ 30/2/2016 ብለው ጥቅምት 30ን ሲጽፉ፣ በፈረንጁ የካቲት 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜም 13ኛ ወር ስለሆነች እንዲሁ። ወር በሚያስቀድም በአሜሪካ አቀማመጥ ደግሞ 3/13/2016 የተባለችው ጳጉሜ 3 ማርች 13 ትሆናለች። ትንተናው ላይ ጽሑፍ የሆኑት መስመሮች ሳይታወቅ ይወድቃሉ። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በቁጥር መጻፍና መለወጡን መጨረሻ ላይ በአንድ ትእዛዝ ለሁሉም ማካሄድ ነው።

ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ሰልጣኝ ባዶ ሠንጠረዦቹን ይዞ መጣ፤ ማለትም ቴሲሱ ላይ የሚወጡትን ሠንጠረዦች ቁጥር ሳይሞላባቸው። ከዚያም ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ጥያቄ ተጠየቀ፦ ይህ ዓምድ የትኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል? የትም የማይገባ ዓምድ ይሰረዛል። ፋይሉ የወጣበት ተመራማሪ 34 ዓምዶቹ 13 ሆኑለት። ቀሪዎቹን የገለበጠው «ምናልባት ያስፈልጉ ይሆናል» ብሎ ነበር። ከሦስቱ ቀናት ሥራ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህን ነው፤ ያልተገለበጠ ነገር አይሾልክም።

ሁለተኛው ቀን በጎረቤት ልምምድ ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ «ስም የሌለው» 200 መስመርና አንድ ቁራጭ ወረቀት ተሰጠው። በወረቀቱ ላይ ጎረቤት የሚያውቀው ዓይነት ነገር ተጽፏል፦ «ባሏ ዓሣ አስጋሪ ነው። በአስተርእዮ ሰሞን ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ትምህርት ጨርሳለች።» ሃያ ደቂቃ ተሰጣቸው። አብዛኞቹ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መስመሩን አገኙት። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ሰልጣኝ ኮምፒውተሯን ዘግታ «የእኔን ፋይል ደግሞ ዘጌ ያለ ዘመዴ ቢያየው» አለች።

በ1997 እ.ኤ.አ. ላታንያ ስዊኒ የተባለች ተመራማሪ ስም የሌለውን የማሳቹሴትስ የሆስፒታል መረጃ ከመራጮች ዝርዝር ጋር አስተያይታ የግዛቲቱን አስተዳዳሪ የሕክምና መዝገብ ለይታ አውጥታለች። የተጠቀመችባቸው ሦስት ነገሮች የፖስታ ቁጥር፣ የትውልድ ቀንና ፆታ ናቸው። ጣና ዳር የመራጮች ዝርዝር አያስፈልግም። ማን እንደወለደ፣ ማን በጀልባ እንደተሻገረ፣ ማን ልጅ እንደሞተበት አካባቢው ያውቃል፤ ለቅሶውም እንኳን ማርያም ማረችሽ ማለቱም የሚሆነው በዚህ ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት ክፉ አይደለም። ተመራማሪው ግን ከጎረቤቱ ጋር ተዳምሮ ምን ሊያሳውቅ እንደሚችል ሳያሰላ መስመር ማውጣት የለበትም።

ስሌቱ የተሠራው ካውንትኢፍስ በሚባለው የኤክሴል ቀመር ነው። ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ የወሊድ ቀንና የእርግዝና ቁጥር ተጣምረው ስንት መስመር እንደሚመሳሰል በአዲስ ዓምድ ይቆጠራል። መልሱ 1 የሆነበት መስመር ሁሉ ለብቻው የቆመ ሰው ነው። ከዚያ ማድበስበስ ይጀመራል፦ ዕድሜ በአምስት ዓመት ክልል፣ ቀን በሩብ ዓመት፣ እርግዝና «1»፣ «2 እስከ 4»፣ «5 እና ከዚያ በላይ»፣ ቀበሌ ደግሞ «ከተማ» እና «ገጠር»። በእያንዳንዱ ለውጥ ቆጠራው ይደገማል፤ ትንሹ ቁጥር 5 እስኪደርስ ድረስ። «ደሴት» የሚል ሦስተኛ ምድብ ማቆየት የፈለጉ ነበሩ፤ የደሴት እናቶች ቁጥር ትንሽ በመሆኑ አልተፈቀደም። በዚህ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ግን ተገቢ ነው፦ ጥናቱ ስለ ርቀት ከሆነስ? ቀበሌ ከጠፋ ጥናቱ ጠፋ። የተገኘው መላ ቀበሌው በሆስፒታሉ ኮምፒውተር ላይ እያለ ወደ ጉዞ ሰዓት መለወጥ ነው፤ «ከ1 ሰዓት በታች»፣ «ከ1 እስከ 2»፣ «ከ2 በላይ»። ቀበሌው ይሰረዛል፣ ርቀቱ ይቀራል።

ስልክና የካርድ ቁጥርን በሃሽ እንቀይራለን ላሉት በዓይናቸው እንዲያዩ ተደረገ። ሃሽ ማለት ቁጥርን ወደማይነበብ ረጅም ጽሑፍ የሚለውጥ ቀመር ነው፤ ወደኋላ አይመለስም ይባላል። በ09 የሚጀምር ስልክ ግን ከ09 በኋላ የሚቀሩት ስምንት አሃዞች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም አማራጭ ቢደመር 100 ሚሊዮን ነው። አሰልጣኙ በተራ ላፕቶፕ ሁሉንም አማራጭ እያሰላ ከተሰጠው ሃሽ ጋር አስተያየ፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ስልኩ ወጣ። ባለ ስድስት አሃዝ የካርድ ቁጥር አንድ ሚሊዮን አማራጭ ብቻ ስላለው በሰከንዶች ያልቃል። ስምን ሃሽ ማድረግ ደግሞ በሌላ ምክንያት አይሠራም፦ ኃይሉና ሀይሉ፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ዓለምና አለም ለእኛ አንድ ሲሆኑ ለቀመሩ የተለያዩ ናቸው፤ አንዲት እናት በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ትሆናለች። ስለዚህ የተመረጠው በዕጣ የወጣ የጥናት ኮድ ነው። ኮዱን ከካርድ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ሆስፒታሉ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ተመራማሪው አይዘውም።

ኮምፒውተር ላይም አንድ የቆየ እምነት ፈርሷል። የዊንዶውስ መግቢያ ፓስወርድ ፋይልን አይቆልፍም። አሰልጣኙ የአሮጌ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ፈትቶ በዩኤስቢ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው፤ ማህደሮቹ ያለ ምንም ፓስወርድ ተከፈቱ። የዊንዶውስ የራሱ ዲስክ መቆለፊያ የሆነው ቢትሎከር በሆም እትሙ ላይ በሙሉ አቅሙ ስለማይገኝ፣ በነጻ የሚገኘውን ቬራክሪፕት ተጠቅመው የተቆለፈ ማህደር መፍጠርን ሁሉም በእጃቸው ሠሩ።

ሦስተኛው ቀን ስለሚወጣው ውጤት ነበር። ከ5 በታች የሆነ ቁጥር በሠንጠረዥ ላይ አይወጣም፤ ይህን ሁሉም ወዲያው ተቀበሉ። የከበዳቸው ድምሩ ነው። በአንድ ረድፍ ላይ 17፣ 12፣ 9 እና አንድ የተደበቀ ቁጥር አለ፤ ድምሩ 41 ተብሎ ተጽፏል። የተደበቀው 3 መሆኑን ለማወቅ መቀነስ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ወይ ሌላ ሁለተኛ ቁጥር አብሮ ይደበቃል፣ ወይ ምድቦቹ ይጣመራሉ። «ትንሹ ዕድሜ 14፣ ትልቁ 47» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገርም እያንዳንዱ ጫፍ አንድ ሰው በመሆኑ ቀረ።

የዳታ ጠረጴዛው

ከስልጠናው ጎን ለጎን በኤችኤምአይኤስ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ተለየ። ኢንተርኔት የለውም፣ የፍላሽ ቀዳዳዎቹ ተዘግተዋል፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ ለማስቀመጥ የሚበቃ ዩፒኤስ አለው። አርና ኤፒ ኢንፎ የተባሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ተጫኑበት፤ ሁለቱም ነጻ ስለሆኑ ጸረ ቫይረስ አጥፍቶ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር መጫን አላስፈለገም። በመስመር ደረጃ ያለ መረጃ ከዚህ ኮምፒውተር አይወጣም፤ የሚወጣው ሁለት ሰው ያዩት ሠንጠረዥ ብቻ ነው። በሥራ ላይ ካለው መዝገብ ለመገልበጥ ደግሞ ሁለት ታብሌቶች ተዘጋጁ፤ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራው፣ ኮቦ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ቅጽ ላይ የተፈቀዱት ዓምዶች ብቻ ይታያሉ። ሞልተው ያለቁት መዝገቦች ከዋርድ ወጥተው በማህደር ክፍል ጠዋት ጠዋት እንዲገለበጡ ፕሮግራም ወጣ። ፎቶ ማንሳት የቆመው በክልከላው ሳይሆን በዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዴንማርክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ነዋሪ የግል ቁጥር ሰጥታ መዝገቦቿን በዚያ ታገናኛለች፤ ተመራማሪዎቿ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ገብተው ይሠራሉ እንጂ የግለሰብ መስመር ይዘው አይወጡም። እዚህ መዝገቦቹን የሚያገናኝ የጋራ ቁጥር እስካሁን በተግባር ስላልነበረ ማገናኘቱ አስቸጋሪ ነበር፤ አስቸጋሪነቱም በራሱ የተወሰነ ከለላ ሆኖ ቆይቷል። የፋይዳ ቁጥር በመዝገቦች ላይ መጻፍ ሲጀምር ይህ ከለላ ይነሳል። ለተመራማሪ ትልቅ ዕድል ነው፤ የሚሾልክ አንድ ፋይል የሚያደርሰውም ጉዳት በዚያው ልክ ያድጋል።

ያልሠራው

ስለ አዋጁና ስለ ሥነ ምግባር መርሆዎች የተሰጠው የሁለት ሰዓት ገለጻ ውጤት አላመጣም። ሰልጣኞቹ መርሆዎቹን በቃላቸው ደገሙት፤ በማግስቱ የፈተና ፋይል ሲሰጣቸው ብዙዎቹ የተደበቀውን ዓምድ ሳያዩት አለፉ። ገለጻው ከጎረቤት ልምምዱ በኋላ ቢሆን ኖሮ ይሰማ ነበር፤ ለሁለተኛው ዙር ቦታው ተቀይሯል።

አማካሪዎች ተጋብዘው የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ይህ ዋጋ አስከፍሏል። ከስልጠናው ሦስት ሳምንት በኋላ አንድ አማካሪ «ጥሬ ዳታውን ላክልኝ፣ ራሴ ልየው» ብሎ ተማሪውን አዘዘ፤ ተማሪው በስልጠናውና በአማካሪው መካከል ተጨነቀ። ተማሪ አማካሪውን እምቢ እንዲል መጠበቅ ተገቢ አይደለም። የተፈታው የኮሚቴው አባል ለአማካሪው ደውሎ በዳታ ጠረጴዛው ላይ አብረው እንዲያዩት ሲያደርግ ነው። አሁን ፈቃዱ የሚሰጠው አማካሪው አብሮ ሲፈርምና ቢያንስ የግማሽ ቀኑን ልምምድ ሲወስድ ነው።

ፓስወርዱም በመጀመሪያው ወር ችግር ፈጥሯል። አንዱ የተቆለፈውን ማህደር ፓስወርድ ረስቶ የሁለት ሳምንት ሥራ አጣ፤ ቬራክሪፕት ማስመለሻ የለውም። ሌላው ፍላሹ ላይ በፕላስተር ለጥፎት ተገኘ። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ በኤችኤምአይኤስ ኃላፊው ካዝና እንዲቀመጥ ከተደረገ ወዲህ ሁለቱም አልተደገሙም።

አንድ ኮምፒውተር ለ11 ሰው አልበቃም። ሰኔ ሲቃረብ ወረፋው በዛ፤ ቅጂ ይዘው እንዲወጡ የለመኑ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሲጨመርና በሁለት ሰዓት ተራ ሲደለደል ቀለለ። ይህን አስቀድሞ አለማሰብ የአዘጋጆቹ ጥፋት ነው፤ ደህንነቱን የጠበቀው መንገድ ሁልጊዜ ዘገምተኛው መንገድ ከሆነ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል።

ከአምስት ወር በኋላ

ከ11ዱ ዘጠኙ ጨርሰዋል። በጠረጴዛው ላይ በተደረገው ፍተሻ የተመለሱት ሠንጠረዦች አብዛኞቹ በትንሽ ቁጥር ምክንያት ነው። አንድ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። ሁለት ተማሪዎች ከአንድ መዝገብ ሁለት ጥናት ሠርተዋል። የአንዱ ሠንጠረዥ «186 እናቶች፣ 14 ፖዘቲቭ» ይላል። ሌላዋ የደሴት ነዋሪዎችን አስወጥታ «181 እናቶች፣ 13 ፖዘቲቭ» ብላለች። ለየብቻቸው ሲታዩ ሁለቱም ደህና ናቸው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አምስት የደሴት እናቶች እንደነበሩና ከእነሱ አንዷ ፖዘቲቭ እንደሆነች ይናገራሉ። የተያዘው ፈታሹ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ስላያቸው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መዝገብ የወጡ ሠንጠረዦች ሁሉ በአንድ ማህደር ይቀመጣሉ፤ አዲሱ ከቀድሞዎቹ ጋር ሳይተያይ አይወጣም።

ለሌላ ተቋም

ሌላ ሆስፒታል፣ ወይም የወሳኝ ኩነት ምዝገባ መረጃ የያዘ ቀበሌ፣ ወይም የተማሪዎች መዝገብ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ይህን ልውሰድ ቢል የግድ ኮምፒውተር ገዝቶ መጀመር የለበትም። ወጪ የሌላቸው ሁለቱ ነገሮች ብዙውን ሥራ ይሠራሉ፦ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ባዶ ሠንጠረዦቹን ማስቀረብና ትርፍ ዓምዶችን መሰረዝ፤ ከዚያም በፈጠራ መዝገብ ላይ የጎረቤት ልምምዱን ማሠራት። ቁራጭ ወረቀቶቹ ላይ የሚጻፈው ግን ከቦታው መሆን አለበት። ለጣና ዳር ጀልባና አስተርእዮ ነው፤ ለሌላው የገበያ ቀን ወይም የጽዋ ማኅበር ሊሆን ይችላል። በአሰልጣኞቹ መካከልም መዝገቡን በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ይኑር፤ ሰልጣኞቹ ከሁሉም በላይ የሰሙት አዋላጅ ነርሷን ነው።

ምን ሲሆን ማን ለማን እንደሚደውል በአንድ ገጽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ፋይል የሾለከበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መደበቅ ነው፤ ሪፖርት ያደረገ ሰው በሪፖርቱ ምክንያት እንደማይቀጣ ገጹ በግልጽ መናገር አለበት። ፋይሉን የለቀቀው ተመራማሪ አልተባረረም፤ ጥናቱን በጠረጴዛው ላይ ጨርሷል፤ በሁለተኛው ዙር የፒቮት ቴብሉን ልምምድ ያሠራው እሱ ነው።

አንድ ነገር ገና አላለቀም። ከ2017 በፊት ተመርቀው የሄዱ ተመራማሪዎች ስልክና ኢሜይል ውስጥ የመዝገብ ገጽ ፎቶዎች አሁንም አሉ። ሆስፒታሉ በትምህርት ክፍሎቹ በኩል ደብዳቤ ልኮ ምትኬውን ጨምሮ እንዲያጠፉና በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ እየጠየቀ ነው። መልስ የሰጡት ገና ጥቂቶች ናቸው፤ ያልመለሱትን ካርድ ክፍሉ አንድ በአንድ እየደወለ ነው።